የማርያማዊት ለቅሶ

ጭብጨባው ሳያባራ እስከዳር ከአዳራሹ ወጣች። ሰው አላያትም አይባልም፤ ራቤል ከተማ ውስጥ ሰው ሳያየው ከየትም የወጣ ሰው የለም። ያዩዋት ሁሉ ግን እንባዋን ልትደብቅ የወጣች መስሏቸው መንገድ ለቀቁላት። አንዲት ሴትዮማ ትከሻዋን ዳበስ አድርጋ "አይዞሽ እናቴ፣ አልፏል" አለቻት። ምኑ እንዳለፈ እስከዳር አልጠየቀችም። ዓይኗ ደረቅ ነበር። 

በትምህርት ቤቱ የወላጆች ቀን የቀረበው ድራማ የእስከዳር አፈወርቅ ታሪክ ነው ተብሎ ነበር። ደራሲው ወዳጆ በኃይሉ ነው። ወዳጆ የዚያው ትምህርት ቤት የአማርኛ መምህር ሲሆን፣ እሷ ዓረብ አገር ሄዳ እስክትመለስ ድረስ "ሚስት አታገባም ወይ?" ያለውን ሁሉ በፈገግታ እየሸኘ የጠበቃት ሰው ነው። ከመጣች ሁለተኛ ወሯን ልትይዝ ነው። በዚህ ሁሉ ጊዜ ግን ሁለቱ ብቻቸውን ቁጭ ብለው አላወሩም። የአባቷ ቤት ከጠያቂ ተለይቶ አያውቅም። ወዳጆም ከጠያቂዎች ጋር ይመጣና በሩ አጠገብ ተቀምጦ ያያታል፤ ቀና ስትልበት ዓይኑን ወደ መሬት ይመልሳል። እንዴት እንደነበረች አንድ ቀን አልጠየቃትም። ለካ መልሱን እቤቱ ቁጭ ብሎ ራሱ እየጻፈ ኖሯል።

በድራማው ላይ እስከዳርን ሆና የተጫወተችው አብነት የምትባል የአሥረኛ ክፍል ተማሪ ናት። አባቷ "ለቀጥቃጭ ልጅ አልድርሽም" ይላታል። ልጅቷም "በራሴ ጉልበት ሰው ሆኜ እመለሳለሁ፤ ያን ጊዜ የፈቀድሁትን አገባለሁ" ብላ ትወጣና ጀልባ ላይ ትሳፈራለች። ባሕሩ ተማሪዎች ከግራና ከቀኝ ይዘው የሚያወናጭፉት ሰማያዊ ሸራ ነው። ማዕበል ይነሣል፤ ማርያማዊት የምትባል የመንገድ ጓደኛዋ እጇ ከእጇ ያመልጥና ሸራው ሥር ትገባለች። አዳራሹ ዋይ አለ። ቀጥሎ ክፉዋ እመቤት መጣች። የልጅቷን ስልክ ቀምታ በዘነዘና ስትወቅጠው፣ ከኋላ ቆመው ያዩ የነበሩ ወንዶች ሳይቀሩ ተራገሙ። በመጨረሻ ልጅቷ ሁሉን አሸንፋ ትመለሳለች፤ መናኸሪያው ላይ ለሚጠብቃት ለቀጥቃጩ ልጅም "ባሕሩን ያሻገረኝ ያንተ ስም ነው" ትለዋለች። የእስከዳር አባት አቶ አፈወርቅ ከፊት መደዳ ተቀምጠው፣ ፊታቸውን በጋቢያቸው ሸፍነው ተንሰቀሰቁ።

እውነቱን እንነጋገር ከተባለ እስከዳር ባሕር አታውቅም። የሄደችው በአውሮፕላን ነው፤ እሱንም ገና ሳይነሣ እንቅልፍ ጥሏት፣ መሬት ሲነካ ነው የነቃችው። ይህን ወዳጆ አሳምሮ ያውቃል፤ እስከ ደብረ ብርሃን የሸኛት እሱ ራሱ ነው። የሰጠመባት ጓደኛ የለችም። ስልኳንም ማንም አልሰበረባትም። ያው ስልክ ዛሬም ቦርሳዋ ውስጥ አለ።

ወዳጆ ግን ከድሮም የተረት ነገር አይሆንለትም። ሲሸኛት አውቶቡሱ በጓሳ መሐል እያለፈ፣ ጉሙ መስኮቱን ሸፍኖት ሣሩ እንኳ አልታይ ባለበት ሰዓት፣ እንዳታለቅስ ብሎ ይሁን እሱ እንዳያለቅስ እንጃ፣ ስለ ተረት ያወራላት ጀመር። ተረት ሁሉ የሚሄደው በአንድ መንገድ ነው አላት። ሰው ከደጁ ይወጣል፣ ይፈተናል፣ የሚወደውን ያጣል፣ ጨለማ ውስጥ ይገባል፣ ከዚያ አሸንፎ አንድ ነገር ይዞ ይመለሳል። "አንቺም እንደዚያው ነሽ፤ አሁን ገና የመጀመሪያው ላይ ነን" አላት። እስከዳር አመነችው። ያን ጊዜ ያላመነችው ነገር አልነበረም።

እዚያ ከደረሰች በኋላ ፈተናውን ብትጠብቅ፣ ብትጠብቅ አልመጣም። ቤቱ ክፉ ቤት አልነበረም። አልመቷትም፣ አልሰደቧትም፣ ደሞዟንም አላስቀሩባትም። ሥራዋ አልጋ ላይ የዋሉ አንዲት አሮጊት ማስታመም ነበር። ሐጃ ይሏቸዋል። ጠዋት ታነሣቸዋለች፣ ታጥባቸዋለች፣ ታጎርሳቸዋለች፣ ታገላብጣቸዋለች። ከዚያ የቤቱን ሥራ ትሠራለች። ከዚያ እንደገና ታነሣቸዋለች። ነገም ያው ነው። በዓልም ያው ነው። እንዲህ ያለው ነገር ይወራል? ሰዎች "ምን ደረሰብሽ?" ሲሏት "ምንም፣ ሠራሁ" የምትለው ለዚህ ነበር፤ እነሱ ግን የደበቀችው ነገር ያለ ይመስላቸዋል።

የደበቀችውስ አለ። የወዳጆን መልእክት በመጀመሪያው ሰሞን በየቀኑ ትመልስለት ነበር። በኋላ በሳምንት ሆነ። በኋላ ጨርሶ ተወችው፤ ዓመታት። እሱ ግን መጻፉን አልተወም። እሷም ማንበቧን አልተወችም። ታነባለች፣ ስልኩን ደረቷ ላይ ታስቀምጣለች፣ ትተኛለች። ያልመለሰችለት ማንም ከልክሏት አይደለም። ታዲያ ዛሬ መድረክ ላይ ያ ስልክ በዘነዘና ሲወቀጥ፣ ወዳጆ ከጥግ ቆሞ በእንባ ዓይን ሲያያት፣ እስኪያልቅ የተቀመጠችው በግድ ነው። ይህ ሰው እስከ ዛሬ የኖረው ክፉ እመቤት ስልኳን ቀምታት ነው ብሎ ነዋ። የሚወዳት፣ አብነት የተጫወተቻትን ልጅ ነዋ። እውነቱን ያወቀ ቀንስ?

ያን ዕለት ማታ እራት ተበልቶ ሲያበቃ አቶ አፈወርቅ ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ ስንት ዓመት እምቢ ያሉትን ነገር ፈቀዱ። ለቀጥቃጭ ልጅ ልጄን አልሰጥም ብለው የማሉ ሰው፣ ይህን ያህል ከተሠቃየችለት እኔ ማን ነኝና እከለክላለሁ፣ በሚቀጥለው ሳምንት እሑድ ሽማግሌ ይላክ አሉ። እናቷ ወይዘሮ ጌታነሽ እልል ሊሉ አፋቸውን ከፍተው የልጃቸውን ፊት ሲያዩ መልሰው ዘጉት። እስከዳር ደስ እንዲላት ጠበቀች። የመጣው ድካም ብቻ ነበር።

በማግሥቱ እሑድ ቅዳሴ እንደወጣ የአቶ አፈወርቅ ግቢ በሴቶች ተሞላ። ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ አንገታቸውን ደፍተው ነው የመጡት። ከፊት የከተማው አልቃሽ እትዬ ተሾመች ናቸው። ንፍሮ በመሶብ የያዘች አለች፣ የገብስ ቆሎ በጨርቅ የቋጠረች አለች። ወይዘሮ ጌታነሽ ደንግጠው ማን ሞተ ብለው ቢጠይቁ፣ እትዬ ተሾመች ተቆጡ። የሰው ልጅ ባሕር በልቷት፣ ሬሳዋ አፈር ሳይቀምስ፣ የእጅ ለእጅ ጓደኛዋ እዚሁ እኛ መሐል ተቀምጣ፣ ለቅሶ ሳንደርሳት በምን ዓይናችን እናያታለን አሉ። ትናንት የሰማን ለዛሬ ካልመጣን ክርስትናችን ምኑ ላይ ነው አሉ።

ለማርያማዊት ነበር የመጡት።

ድራማ ነው ማለት ማንን ገደለ ትሉ ይሆናል። እስኪ እናንተ በሉት። አሥራ ምናምን ሴት ከቅዳሴ በባዶ ሆዷ፣ በዚያ ብርድ፣ ዳገቱን ወጥታ እግዜር ያጥናሽ ስትላችሁ፣ "ሟቿ ሸራ ሥር ገብታ የወጣች የስምንተኛ ክፍል ልጅ ናት" በሏት። ወይዘሮ ጌታነሽ አልቻሉም። አጎዛ አነጠፉ። አቶ አፈወርቅም ወጥተው ከደጅ፣ ሴቶቹን ተከትለው ከመጡት ወንዶች ጋር ተቀመጡ። እስከዳር ከመሐል ተቀመጠች፤ ነጠላዋን ያዘቀዘቁላት ሌሎች ናቸው።

እትዬ ተሾመች ማንጎርጎር ጀመሩ። ድምፃቸው ወፍራም ነው፤ ያላወቁትን ሰው ሲያለቅሱለት እንኳ ያሳደጉት ያስመስላሉ። አገሯ ርቆ፣ እናቷ ሳታያት፣ የሚቀብራት ሳታገኝ የሄደችውን ልጅ እያነሡ አለቀሱ። ሴቶቹ ተቀበሏቸው። እስከዳር ፊቷን ሸፍና ይህ ነገር ቶሎ እንዲያልቅ ትጸልያለች። ኋላ ፋታ ሲሆን አንዷ ወደሷ ጠጋ ብላ፣ እንዲያው ያቺ ሟች ምን ዓይነት ሰው ነበረች ብላ ጠየቀቻት። የለቅሶ ወግ ነው፤ ሟች ይወራላታል።

እስከዳር "እንዲህ የምትባል ሰው የለችም" ልትል አፏን ከፈተች። የወጣው ሌላ ነው።

"እጃቸው ይበርዳቸው ነበር" አለች። "ሁልጊዜ በእጄ መሐል አድርጌ አሟሟቅላቸው ነበር። መጨረሻ ላይ ማንንም አያውቁም፤ የኔን ስም ብቻ ነበር የሚጠሩት፤ እሱንም አጣመው።"

ሴቶቹ ተያዩ። ሐዘኑ ጭንቅላቷን የነካት መሰላቸው። እስከዳር ግን መናገሯን ቀጠለች። የሞቱ ለት ጠዋት ልታነሣቸው ገብታ እንዳገኘቻቸው፣ ልጆቻቸው መጥተው ወዲያው ወስደው እንደቀበሯቸው፣ እሷን ክፍሉን አጽጂ እንዳሏት፣ አልጋውን ፈትታ ወለሉን ወልውላ ስትጨርስ ሌላ የምታነሣው ሰው ስታጣ እጇን የምታደርግበት እንደጠፋት ነገረቻቸው። ማንም አይዞሽ አላላትም ነበር። ማን ይበላት? የቤቱ ሠራተኛ ናት። እንባዋ የመጣው ይኼኔ ነው። ጮኻ አለቀሰች፣ ደረቷን መታች፤ እትዬ ተሾመች እጆቿን ይዘው "ይውጣልሽ፣ ይውጣልሽ" እያሉ አብረዋት አለቀሱ። ለማን እንደሚያለቅሱ አላወቁም። ለቅሶው ግን ለባለቤቱ ደረሰ።

ሰው ከተበተነ በኋላ፣ ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል፣ አቶ አፈወርቅ በጎቹ ከሚገቡበት በር አጠገብ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ነበር። እስከዳር ሄዳ አጠገባቸው ቆመች። ማርያማዊት የምትባል ሰው እንደሌለች፣ ባሕር እንዳላየች፣ ማንም እንዳላሠቃያት፣ አንድም ሳታስቀር ነገረቻቸው። የፈቀዱልኝ ለዚያ ከሆነ ፈቃድዎን ይውሰዱት አለቻቸው።

አቶ አፈወርቅ በዱላቸው መሬቱን እየጫሩ ቆዩ። ከዚያ ለማን ነው ታዲያ እንዲያ ያለቀስሽው አሏት። ስለ ሐጃ ነገረቻቸው። እስላም ናቸው ወይ ብለው ጠየቁ። አዎ አለች። አቶ አፈወርቅ ባርኔጣቸውን አወለቁ።

"ነፍስ ይማር" አሉ።

ባርኔጣቸውን መልሰው ደፉ። በኋላ ደግሞ፣ ፊታቸውን ወደ በጎቹ አዙረው፣ እሳቸውም ትናንት ያለቀሱት ለባሕሩ እንዳልነበረ ነገሯት። በድራማው ላይ አባትየውን ሆኖ የተጫወተው ተማሪ የበግ ጠጉር ጢም ለጥፎ ልጁን ከቤት ሲያስወጣ፣ ጢሙ ሳይቀር የሳቸው ነበር። ሰው ሁሉ ዘወር ብሎ ያያቸው ነበር። የቀጥቃጭነቱን ነገር ዛሬም አልወደድሁትም፣ በዚህ ዕድሜዬ አልዋሽሽም አሉ። ግን ልጄን ከደጄ ያስወጣኋት እኔ ነኝ፤ ስትገባ ደግሜ አላስወጣትም አሉ። እስከዳር እጃቸውን ልትስም ጎንበስ ስትል ከለከሏት።

"ለልጁ ነግረሽዋል?"

"አልነገርሁትም።"

"ሳትነግሪው ሽማግሌ ደጄ አይቆምም። የሰው ልጅ ውሸት ላይ ጎጆ አይወጣም። ከጠላሽም አውቆ ይጥላሽ፤ ከወደደሽም አውቆ ይውደድሽ።"

እስከዳር ያን ሌሊት አባቷን ከመፍራት ይልቅ ወዳጆን ማጣት ምን ያህል እንደሚከብድ ተገነዘበች።

ሰኞ ትምህርት አልነበረም። ወዳጆ ትምህርት በሌለ ቀን የት እንደሚገኝ ከተማው ሁሉ ያውቃል፤ ከገበያው ጫፍ ካለችው ከአባቱ መቀጥቀጫ ቤት ነው። ወደዚያች ቤት ሰው አይገባም። ማረሻ የሚያስመታ ከደጅ ያስቀምጥና ይሄዳል፤ ሲያልቅ ከደጅ ያነሣል። ወይዘሮ ጌታነሽ ራሳቸው ልጆቻቸው ትንንሽ ሳሉ በዚያ በኩል ሲያልፉ ፊታቸውን በነጠላ ይሸፍኑላቸው ነበር። እስከዳር በጠራራ ፀሐይ፣ ገበያተኛው እያያት፣ ጎንበስ ብላ ገባች።

ወዳጆ እጅጌውን ሰብስቦ ወናፍ ያናፋል። አባቱ ጋሽ በኃይሉ የጋለ ብረት በጉጠት ይዘዋል። ሁለቱም ደነገጡ። ጋሽ በኃይሉ ብረቱን ውኃ ውስጥ ነከሩት፤ እንፋሎቱ ሲበርድ፣ ከሰል አልቆብኛል ፈልጌ ልምጣ ብለው ወጡ። አጠገባቸው ሙሉ ጆንያ ከሰል ቆሞ ነበር።

እስከዳር መቀጥቀጫው አጠገብ ካለው ጉቶ ላይ ተቀመጠች።  ወዳጆ በጥፋተኛ ድምፅ፣ ትናንት የሆነውን ሰማሁ፣ ሴቶቹ እንዲያ ያደርጋሉ ብዬ አላሰብሁም፣ እትዬ ተሾመችን ሄጄ አስረዳቸዋለሁ እያለ ይቅርታውን ጀመረ። እስከዳር እጇን አንሥታ አስቆመችው። ከዚህ በላይ ከቆየች እንደማትናገረው አውቃለች።

"ስልኬን ማንም አልሰበረውም፣ ወዳጆ" አለች።

እሱ ዓይኑን ወደ መሬት መለሰ።

"አልቀሙኝም። አልከለከሉኝም። በየቀኑ በእጄ ነበር።"

ወዳጆ ወናፉን ለቀቀውና መሬት ላይ፣ ከፊቷ ተቀመጠ። አመድ ላይ መቀመጡን ልብ አላለውም።

"አውቃለሁ" አለ።

"ምኑን ታውቃለህ?"

"መልእክት ሲነበብ ሁለት ጭረት ይመጣል አይደል? እነዚያን ሁለት ጭረቶች ሳያቸው ነው የኖርሁት። ጽፌ ቁጭ እላለሁ። ጭረቶቹ ይመጣሉ። መልስ አይመጣም። በማግሥቱም ጽፌ ቁጭ እላለሁ።" ድምፁ ወረደበት። "ስልክሽን የሰበርሁት እኔ ነኝ። ተቀምታለች ብዬ ካላሰብሁ ማደር አልቻልሁም። መጀመሪያ እመቤቷን ፈጠርኋት። ከዚያ ዘነዘናውን። እያደር ድራማ ሆነ።"

 ያን ሁሉ ጊዜ ይሰማል ብላ የፈራችው ነገር ለካ እሱ ከሷ ቀድሞ ሲያውቀው ኖሯል። አውቆም በሩ አጠገብ ይቀመጥ ነበር። ዓይኑን የሚመልሰው ሌላዋን ልጅ ፈልጎ አልነበረም፤ እንዳትጠይቀው ፈርቶ ነበር።

"ማርያማዊትስ?" አለችው። "እሷን ምን አድርጋህ ነው ያሰጠምሃት?"

"ታሪክ ሲሆን አንድ ሰው መስጠም አለበት" አለ ወዳጆ። "አንቺ እንዳትሆኚ ብዬ እሷን ጣልኋት።"

ከውጭ አንዱ አህያውን እየገሠጸ አለፈ። እስከዳር የምትናገረውን ፈለገች፤ ሁሉም ቃል ከባድ ሆነባት። ደግሞም መነገር ነበረበት። ያልመለሰችለት ጠልታው እንዳይደለ፣ ሌላ ሰውም እንዳልነበረ ነገረችው። የሱን ጽሑፍ የምታነበው ከሥራ ሁሉ በኋላ፣ ጫማዋን እንኳ ሳታወልቅ ነበር። እሱ የራቤልን ወሬ ይጽፍላታል፤ ገብሱ ውርጭ እንደመታው፣ የጎረቤት ላም መንታ እንደወለደች። ያን ስታነብ ታርፋለች። ልመልስ ስትል ግን ምን ትጻፍለት? እሱ የሚጠብቀው ፈተናዋን ነው። እሷ ፈተና የላትም፤ ያላት ትናንት ያነሣቻቸውን አሮጊት ዛሬም ማንሣት ብቻ ነው።

"አንተን ማንበብ ዕረፍቴ ነበር" አለችው። "መመለሱ ግን ሌላ ሥራ ሆነብኝ። ከዚያ ቆየ፤ ሲቆይ ደግሞ አፈርሁ። ሳፍር ይበልጥ ቆየ። ይኼው ነው፣ ሌላ ነገር የለውም። እንዳንተ አድርጌ ላሳምረው አልችልም።"

"ስጽፍልሽ ግን ትጠብቂው ነበር?"

"የዘገየህ ለት አልተኛም ነበር።"

ወዳጆ ጭንቅላቱን በሁለት እጁ ያዘ። እስከዳር ያኔ ነው ደህና አድርጋ ያየችው። ጆሮ ግንዱ ላይ ሽበት አለ። ከዓይኑ ሥር ያለው ቆዳ ጠቁሯል፤ ጥላሸት ብቻ አይደለም። እሷ ከሄደች ወዲህ ከራቤል ወጥቶ ወር ያልቆየ ሰው ነው። ትምህርት ቤት፣ መቀጥቀጫ ቤት፣ መናኸሪያ፤ ትምህርት ቤት፣ መቀጥቀጫ ቤት፣ መናኸሪያ። ይህም እንደሷው ቀን ነው፤ ዛሬም ያው፣ ነገም ያው። ስለሱ ግን ማንም ድራማ አልሠራም። እሱ ራሱም ስለ ራሱ አንድ ገጽ አልጻፈም፤ ድራማው ውስጥ የመጨረሻዋ ትርዒት ላይ ቆሞ የሚቀበል ሰው ብቻ ነው። እስከዳርን ከምንም በላይ ያሳዘናት ይህ ነው።

"ለምን ተመለስሽ ታዲያ?" አላት፣ ቀና ሳይል። "እውነቱን ንገሪኝ፤ ልቻለው።"

"ሐጃ ሲሞቱ ሌላ ቤት እንውሰድሽ አሉኝ። ደሞዙ የተሻለ ነበር። እሺ ልላቸው ነበር እኮ።" የነጠላዋን ጫፍ ጣቷ ላይ ጠቀለለች። "በዚያ ባዶ አልጋ ላይ ቁጭ ብዬ አሰብሁ። አሁን የት ብሄድ ነው ሰው 'ምን ይዘሽ መጣሽ?' ሳይለኝ የምቀመጠው አልሁ። አንተ አጠገብ መሰለኝ። አሸንፌ አይደለም የመጣሁት፣ ወዳጆ። ይዤልህ የመጣሁትም ነገር የለም። ደክሞኝ ነው። ሲደክመኝ የመጣህብኝ ደግሞ አንተ ነህ።"

ወዳጆ ቀና አለ። ሊስቅ የፈለገ ይመስል ነበር፤ እንባው ቀደመው። አልጠረገውም። እጁ ከሰል በከሰል ነው፣ ቢጠርገውም ያው ነው። እስከዳር የነጠላዋን ጫፍ ይዛ ጎንበስ አለችና ፊቱን ጠረገችለት፤ ነጭ ነጠላዋ ጠቆረ። ግድ አልሰጣትም።

ሽማግሌዎቹ እሑድ ይምጡ አለችው። አባቷም እንደሚጠብቋቸው ነገረችው። ሽማግሌዎቹን የሚመሩት መሪጌታ መርስዔ ኃዘን ግን ድራማውን አይተው አልቅሰዋል። የአባቷ ፈቃድ ትናንት እንደተሰማ፣ ባሕሩንና ማዕበሉን እየጠቀሱ ለመለመን ከወዲሁ ንግግር እያዘጋጁ እንደሆነ ወዳጆ እየፈራ ነገራት።

"አይበሉ" አለች እስከዳር። "ስለ ባሕሩ አንድ ቃል እንዳያነሡ ንገርልኝ።"

"ምን ይበሉ ታዲያ? አንድ ነገርማ ማለት አለባቸው።"

እስከዳር አሰበች። ብዙም አላሰበች።

"ልጅቷ ደክሟት ገብታለች ይበሉ። ልጁም ሲጠብቃት ደክሞታል። አንድ ጎጆ ስጧቸውና አብረው ይረፉ ይበሉ።"

ወዳጆ ራሱን ጉልበቷ ላይ አስደገፈ። እሷም እጇን ሽበቱ ላይ አኖረች። በሩ ላይ ማረሻ ይዘው የመጡ ገበሬዎች ቆመው ያዩዋቸዋል፤ ከነሱ ኋላ ጋሽ በኃይሉ ባዶ እጃቸውን ተመልሰው "ትንሽ ታገሡ፣ እሳቱ አልጋመም" እያሉ ሰዉን ያቆያሉ። እሳቱስ ጠፍቷል። ሁለቱም ለመነሣት አልቸኮሉም።